ሾላ በድፍን አይሁን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ በሦስት አባላት ተዘጋጅቶ የቀረበ ንግግር)

 

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ሆነን ነው። አንዳችን መጻፍ ትችላለች፤ አንዳችን ማውራት ትችላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ስናጋንን ይዛ ታስቆመናለች። ስለዚህ «እኛ» እያልን ብንናገር አትፍረዱብን። የምናወራው የሁላችንንም ነው። ታሪኩ የሚነካት እህታችንም ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ዛሬ አዳራሽ ትተን እዚህ ሾላ ሥር የጠራናችሁ ኪራይ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። እርግጥ ለመቆጠብም ነው። ዋናው ምክንያት ግን የምንነግራችሁ ነገር የተጀመረው እዚሁ ስለሆነ ነው። ሐይቁ ከፊታችሁ አለ። ወዲያ ዓሣ የሚገሸልጡት ልጆች አሉ፤ ከኋላቸው የሚጣለውን አንጀት እየጠበቁ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ የቆሙት አባ ኮዳዎች ናቸው። ከራሳችሁ በላይ ደግሞ የያዛችሁትን ዳቦ ያዩ ጦጣዎች አሉ፤ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ።

ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ባደረግነው ስብሰባ ክፉኛ ተጣልተን ነበር። ያጣላን ብድር ነው። አንዲት አባላችን 3 ወር ሙሉ አልከፈለችም። ከስብሰባም ቀርታለች፤ ስንደውልላትም ስልኳን አታነሣም። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት 3 ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል፤ ዕዳውንም ዋሶቹ ይሸከማሉ። ዋሶቿ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ጀበና ቡና ሸጣ የምታድር፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል። እንጀራ ጋጋሪዋ «ከልጆቼ አፍ ነጥቄ የሷን ዕዳ አልከፍልም!» ብላ ጮኸች። ገንዘብ ያዣችን «ደንብ ደንብ ነው» አለች። ሌላዋ «መጀመሪያውኑ ለምን አስገባናት?» አለች። ነገሩ ከአንዲት ሴት ብድር አልፎ የየጓዳችንን ቂም ሁሉ ማውጣት ጀመረ።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እናታችን ከመቀመጫቸው ተነሡና «በሉ ተነሡ፣ ወደ ሐይቁ እንሂድ። ጠብ ቤት ውስጥ ሲዘጉበት ይገማል» አሉን።

እዚህ መጣን። የዓሣ ሾርባ አዘዝን፤ ዳጣም ቀረበ። ጠቡ ግን አልበረደም። ያን ጊዜ እሳቸው እንዲህ አሉ፦ «አሁን አንድ ሰዓት ማንም እንዳይናገር። እያንዳንድሽ አንድ ተክል ምረጪና ቁጭ ብለሽ እዪው። ስትመለሺ ያየሽውን መጀመሪያ፣ የመሰለሽን ኋላ ትነግሪናለሽ።»

ሳቅን። «እትዬ፣ ብድር ጠፍቶብን ዛፍ እንቁጠር?» ያለችም ነበረች። እሳቸው ግን የሚመለሱ አልሆኑም። ያችን ሰዓት ጨርሰን ስንመለስ ጩኸታችን ቢያንስ ግማሽ ቀንሶ ነበር። የስረዛውን ውሳኔ ለአንድ ወር አቆየነው። በየቅዳሜው ጠዋትም እዚህ እየመጣን ያንኑ የመረጥነውን ተክል ልናይ ተስማማን። «ያየሽውን መጀመሪያ፣ የመሰለሽን ኋላ» የሚለው ቃል ዛሬ የማኅበራችን መፈክር ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቀላል ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው። ከባድነቱን በፊላው ነው ያወቅነው።

አንዷ እህታችን የመረጠችው ፊላውን ነበር፤ ያ ውሃው ዳር እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ ጫፉ ላይ እንደ በቆሎ እሸት የጠበቀ ቡናማ ራስ ያለውን። በመጀመሪያው ቀን ተመልሳ «ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ይላል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል። ሴትም እንዲህ ናት። ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ነው» አለችን። አጨበጨብንላት። ከመካከላችን ዓይኗ እንባ ያቀረረም ነበረች። እናታችን ግን አላጨበጨቡም። «ጎንበስ ማለት ለኛ አዲስ ትምህርት ሆኖ ነው? ለዚህማ ሐይቅ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። አሁን የነገርሽን ያየሽውን ነው፣ ወይስ ከቤትሽ ይዘሽው የመጣሽውን?» አሏት።

ተቆጣች። ተቆጥታም ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባችና አንዱን ፊላ ልትነቅለው ሳበችው። እምቢ አላት። አጥብቃ ስትስበው ጎረቤቶቹ አብረው ተነቃነቁ። እጇን ወደ ጭቃው ሰዳ ስትዳብሰው አውራ ጣት የሚያህል ሥር ከሥር ከሥሩ አግድም ሄዶ ከአንዱ ወደ ሌላው ተያይዟል። ለብቻው የቆመ የመሰለን ሁሉ ከታች አንድ ቤተሰብ ነው። እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሳ መጣችና «ተሳስቼ ነበር። ነፋስ የማይነቅለው ስለሚጎነበስ አይደለም፤ ከታች ስለተያያዘ ነው» አለች።

ያን ቀን አላጨበጨብንም፤ ዝም አልን። ዝም ያልነው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያቺ 3 ወር ያልከፈለች እህታችን ስትሳብ ሁለቱ ዋሶቿ የተነቃነቁት ለዚህ ነዋ። እኛ ዋስነትን የምናውቀው እንደ ቅጣት ነበር፤ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋን የሚያስከፍል። ፊላው ግን የተያያዘው እንዳይወድቅ ነው።

እግረ መንገዳችንንም የሐይቁን ነገር ተማርን። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በገጽ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ከኮረብታው ታጥቦ የሚመጣው አፈር፣ ከከተማችን ቦይ የሚወርደው ቆሻሻ፣ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከከተማው በላይ ያለው ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። በኛና በውሃው መካከል የቆሙት እነዚህ ንቀን የምናልፋቸው ፊላና ቄጤማ ናቸው። ጎርፉን ያበርዱታል፣ ደለሉን ይይዙታል፤ የቆሮሶ ጫጩትም የሚደበቀው በነሱ መካከል ነው። ዳሩ ከተመነጠረ ዓሣውም ያንሳል፤ ዓሣው ካነሰ ዓሣ ጠብሳ የምታድረው እህታችን ገበያ ያንሳል። ለበዓል ቄጤማ አጭዳ የምትሸጠው አባላችን ይህን ከሰማች ወዲህ «እኔ ከሥሩ አልነቅልም፤ አጭጄ ሥሩን እተወዋለሁ» ትላለች። ብልኅ ናት፤ ዘንድሮ ያጨደችበት ቦታ ለከርሞም ይጠብቃታል።

አንዷ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ቤቴም እንደዚህ ሐይቅ ነው። የገባ ምሬት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ መውጫ የለውም። እናንተ ናችሁ ዳሬ።» ይህን ያለችው ማንንም ለማስደሰት አልነበረም። በየቅዳሜው ለምን እንደምትመጣ ስለጠየቅናት ነው።

አሁን ወደ ሾላው እንምጣ።

ሾላውን የመረጠችው ያቺ «ከልጆቼ አፍ ነጥቄ አልከፍልም» ያለችው እንጀራ ጋጋሪ ናት። ለምን እንደመረጠችው ስትናገር «ጥላ ስላለው ነው፤ ደክሞኝ ነበር» ብላለች። ግን ሥራዋን በሚገባ ሠራች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ፍሬው ከቀንበጡ ጫፍ ሳይሆን ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ አየች። በሁለተኛው ሳምንት ወፎች ሲለቅሙት አየች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች፦ «ይህ ዛፍ አበባ የለውም። በየሳምንቱ ፈለግሁ፤ አንድም አላየሁም። አበባ ሳይኖር ፍሬ ከየት መጣ?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ዕድሜያችንን ሙሉ ሾላ ሥር ተቀምጠናል፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ፣ ገበያ ሲቆም፣ ሕዝብ ሲሰበሰብ ሾላ ሥር ነው። አበባውን ያየች ግን አንዲትም አልነበረችም። ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጇ ናት መልሱን ከመጽሐፍ ያመጣችው። አበባው ከውስጥ ነው። ፍሬ የምንለው ክብ ነገር ራሱ የተዘጋ የአበባ ቤት ነው። ከአፉ ላይ መርፌ የማያስገባ የሚመስል ቀዳዳ አለው። አንዲት በጣም ትንሽ ተርብ በዚያ ቀዳዳ ተጭና ትገባለች፤ ስትገባ ክንፏ ይቀደዳል። ይዛው በመጣችው ዱቄት አበቦቹን ታዳቅላለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከውስጥ የተፈለፈሉት ሴቶች ልጆቿ ደግሞ ዱቄቱን ይዘው ወደ ሌላ ሾላ ይሄዳሉ። በአራተኛው ቅዳሜ ቢላዋ ይዘን መጣንና አንዱን ከፈልነው። እውነትም ውስጡ ጥቃቅን አበባ ጢም ብሏል። ተርቦችም ነበሩበት።

አማርኛችን «ሾላ በድፍን» ይላል። ነገር ሳይመረመር፣ ሳይከፈት፣ እንደተሸፈነ ሲታለፍ የምንለው ነው። አያቶቻችን ይህን ያሉት ሾላ ከፍተው አይተው መሆን አለበት። ከፍቶ ያየ ሰው ለመብላት ሆዱ እሺ ስለማይለው በድፍኑ ይውጠዋል።

እንጀራ ጋጋሪዋ የተከፈለውን ሾላ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «እኔ አበባ አላየሁባትም ብዬ ነው የተቆጣሁት። ቤቷ ግን ገብቼ አላውቅም» አለች። ያን ዕለት ማታ አሥር እንጀራ ይዛ፣ ያቺን ሌላዋን ዋስ አስከትላ፣ ወደ እህታችን ቤት ሄደች። ዕዳ ልትጠይቅ አይደለም፤ እንጀራ ልትሰጥ ነው።

የሰሙት ይህ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል፤ ገንዘብ መላክ አቁሟል። የንግዷን ገንዘብ የልጅ ሕመም ወስዶታል። ያኔ ነበር እኛ ጋ መጥታ መናገር የነበረባት። እሷ ግን አፈረች፤ የኛን ክፍያ በወቅቱ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ ተበደረች። 5 ወር ሙሉ በአራጣ ገንዘብ የኛን ብድር ከፈለች። በእነዚያ ወራት በስብሰባችን ላይ ስሟን እየጠራን «ጎበዝ ከፋይ» እያልን እናጨበጭብላት ነበር። ለእንግዶቻችንም እንደ ምሳሌ ያሳየናት እሷን ነበር። በመጨረሻ አራጣው አነቃትና ሁሉንም አቆመች። «እናንተ ባጨበጨባችሁ ቁጥር መናገር እየከበደኝ ሄደ» ነው ያለቻቸው።

ይህን ስንሰማ ያፈርነው እኛ ነን። ደንባችን መክፈሏን እንጂ ከየት እንደከፈለች አይጠይቅም ነበር። ሾላ በድፍን።

ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሾላ ሲከፈት አበባ ብቻ አይደለም የሚገኘው። የሷ ነገር ከታወቀ በኋላ ሌሎች ሁለት አባላትም አራጣ እንዳለባቸው ተናገሩ። ካዝናችን ጥቂት ወር በጣም ሳሳ። ይህም ሳያንስ ክበባችን ውስጥ የተባለው ነገር ወደ ሰፈር ወጣ። እህታችን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ዕዳዋን ከሰው አፍ ሰማች፤ እንደገና ቀረችብን። ከመካከላችን አንዷ ነበረች ያወራችው። የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቅንም፤ ብንጠይቅም ብዙዎቻችን ትንሽ ትንሽ ሳናወራ አልቀረንም።

በዚያ ሰሞን ነው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአንዲት አባላችን እናት ቤት የሄድነው። ለሌላ ነገር ነበር የሄድነው፤ ለልቅሶ። ጓሮው እንሰት ነው። ሲዳማዎች «ዌሴ» የሚሉት እንሰት ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም፤ ቆጮውና ቡላው ያላሳደገው ልጅ በዚህ አገር ጥቂት ነው። ፍቆ፣ ጨምቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ፣ አብላልቶ ምግብ የሚያደርገውም የሴት እጅ ነው። ግን ከከተማ ያደግነው ብዙዎቻችን ከሳህን በፊት አላየነውም ነበር። ልማዳችን አልለቀን ብሎ ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን።

እኚያ እናት አንድ የጠወለገ እንሰት አሳዩን። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተሰብሯል። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው አሉን። «ከምን ይመጣል?» ስንል «ከቢላዋ» አሉ። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ያሻግራል፤ በአንድ ቢላዋ ጓሮ ሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቢላዋቸውን በእሳት ለብልበው ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄዱት። ማንም ማንንም አላየም፤ ግን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዷ «ምላሳችንን ነው መለብለብ ያለብን» አለች፤ ሳቅን፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ቀረ። በማግስቱ ሦስት ሆነን እህታችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን።

እንሰቱ ሌላም ነገር አሳይቶናል፤ እሱን ደግሞ በጥንቃቄ እንናገረዋለን። እኚያ እናት አዲስ ችግኝ የሚያገኙት ከዘር አይደለም። ለጋውን እንሰት ከላይ ይቆርጡታል፤ መሐል ልቡን ቆፍረው ያወጡታል፤ የቀረውን ሥሩን አፈርና ፍግ አልብሰው ይቀብሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከተቀበረው ዙሪያ ከ40 በላይ፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ቡቃያ ይወጣል። ይህን ስንሰማ አንዳችን ቸኩላ፣ ባሏን በቅርቡ ወደቀበረችው አባላችን ዘወር ብላ «አየሽ፣ ልቡ ወጥቶም ያቆጠቁጣል» አለቻት።

እሷም መለሰች፦ «ተዪኝ። እሱን እንሰቱ ጠይቆ አላስቆረጠውም። እኔ ገና አልበቀልኩም።»

ትክክል ነበረች። ያን ቀን ትልቅ ነገር ተማርን፤ አንዲት ሴት ከተክል ያገኘችው ትርጉም የራሷ ነው። ለሌላዋ ስትሰጣት መጽናኛ ሳይሆን ጫና ሊሆን ይችላል። ያቺ እህታችን ዛሬም እዚህ አለች፤ በየቅዳሜው ትመጣለች፤ የመረጠችውን ተክልም እስካሁን አልነገረችንም። አንጠይቃትም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ቅጠል ማየት ሥራ ፈትነት አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ባሎቻችንም ብለውናል። መልሳችን እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ፣ አክሊሉ ለማ፣ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠና ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመ። ሴቶቹ በእንዶድ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። ቢልሃርዚያን የሚያሻግረው ደግሞ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ተውሳክ ነው። ያን በማየቱ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አሳወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ የተጀመረው ግን ከሴቶች ልብስ ማጠቢያ ነው። እናቶቻችን በየቀኑ በእጃቸው የሚይዙት ነገር ውስጥ ይህን ያህል ነበር፤ ቆም ብሎ የሚያይ ነው የጠፋው።

ከጎረቤታችን ከኬንያም ዋንጋሪ ማታይን አስቡ። ልጅ ሳለች እናቷ ከቤታቸው አጠገብ ካለው የሾላ ዘመድ ከሆነ ትልቅ ዛፍ እንጨት እንዳትለቅም ከልክለዋት ነበር፤ የእግዚአብሔር ዛፍ ነው ብለው። ከሥሩ ምንጭ ነበር። አድጋ ተምራ ስትመለስ ዛፉ ተቆርጧል፣ ምንጩም ደርቋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሴቶችን አሰባስባ ዛፍ መትከል ጀመረች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እሷም የጀመረችው የነበረውንና የጠፋውን በማየት ነው።

እኛ ሽልማት አልጠበቅንም። የለወጥነው ግን አለ፤ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አባል ክፍያ ስታዘገይ ከቅጣት በፊት ሁለት ሴቶች ቤቷ ይሄዳሉ። ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ ስለ ብድሩም ቀድመው አያነሡም። በሰዓቱ የምትከፍለውንም «ከየት አመጣሽው?» ብለን በፍቅር እንጠይቃለን፤ ጭብጨባውን ቀንሰናል።

ሁለተኛ፣ ዋስነት ከመክፈል በፊት መጠየቅ ሆኗል። ዋስ ማለት ከጭቃው በታች የተያያዘች ማለት ናት፤ በወር አንድ ጊዜ ቡና አብራ የመጠጣት ግዴታ አለባት። ይህን በደንባችን ላይ በቀለም ጽፈነዋል።

ሦስተኛ፣ በክበቡ የተነገረ ከክበቡ አይወጣም። ያወጣች ሴት ገንዘብ አትቀጣም፤ ራሷ ወደ ተበደለችው ቤት ሄዳ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይህ ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይከብዳል፤ ሞክረነዋል።

ያቺ እህታችን ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ተመልሳ ትሠራለች። የኛን ብድር አራዝመንላት በትንሽ በትንሹ ትከፍላለች። የአራጣውን ገና አልጨረሰችም፤ ጨረሰች ብለን ልንዋሻችሁ አንፈልግም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር እንበል፤ በፍቅር ነው የምንለው። የሰጣችሁን መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ባይኖር ይህ ማኅበር አይቆምም ነበር፤ ምስጋናችን ከልብ ነው። ግን እኛም ጥፋት አለብን፤ እናንተ ስትመጡ አበባ ያለው ዛፍ ብቻ ነበር የምናሳያችሁ። «ጎበዝ ከፋያችን» ብለን ያስተዋወቅናችሁ ሴት ማን እንደነበረች አሁን ገብቷችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ከምናሳካው ጋር ያቃተንንም እንነግራችኋለን። እናንተም እንደ ሾላው ደጋግማችሁ ጎብኙን። በአንድ ቀን የሚታይ አበባ የለንም፤ በአራተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ታገኛላችሁ።

ለአባሎቻችንም፤ ከምሳ በፊት ግማሽ ሰዓት አለን። ሾርባው እስኪደርስ ወደ ዳሩ ውረዱ። አንድ ተክል ምረጡ፤ ትልቅ መሆን የለበትም፤ በድንጋዩ መካከል የበቀለችው ሣርም ትሆናለች። መስቀል ያሠርሽም፣ ሂጃብ የለበስሽም፣ የጸሎት ቤት መዝሙር የምትዘምሪም፣ ማንም ምን ማየት እንዳለብሽ አይነግርሽም። ስትመለሱ ያያችሁትን መጀመሪያ፣ የመሰላችሁን ኋላ ትነግሩናላችሁ። መናገር ያልፈለገችም ዝም ትበል፤ ሾርባው ለሁሉም ይደርሳል።

ጦጣዎቹን ብቻ ተጠንቀቁ።